«ፋብሪካ የጨረሰውን አትንኩ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«ፋብሪካ የጨረሰውን አትንኩ» በሚል ርዕስ ለንባብ የበቃውን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብሁት፤ አንዴ ተናድጄ፣ ሁለተኛውን ጊዜ ደግሞ ከባሕር ዳር ጎንደር ደርሼ ከተመለስሁና ንዴቱ ከበረደልኝ በኋላ። የጽሑፉ አቅራቢ በረጅም መንገድ ሞተር ሳይክል ላይ ወንበር ማሠራት፣ መሪ ከፍ ማድረግ፣ የነፋስ መከላከያ መጨመር፣ የዕቃ ሣጥን ማስገጠምና በራስ ምርጫ ማሳመር በጥቅሉ «ማበላሸት» ነው ይላሉ። ምክንያቶቻቸው አምስት ናቸው፦ መሐንዲሶቹ ከእኛ ይበልጥ ያውቃሉ፤ ሰውነት ማንኛውንም ወንበር ይለምዳል፤ የተነካካ ሞተር አደጋ ያመጣል፤ ማሳመር ከውጭ የተቀዳ የታይታ ልማድ ነው፤ ወጪውም ሞተሩ ሲሸጥ አይመለስም። ከእነዚህ ሦስተኛውን በአብዛኛው እቀበላለሁ፤ እንዲያውም እርሳቸው ካስቀመጡት በላይ ጠንከር ተደርጎ ሊነገር ይገባዋል ባይ ነኝ። የቀሩትን ግን በየተራ መልስ ሳልሰጣቸው ማለፍ አልፈለግሁም።

መሐንዲሱን በሚመለከት «ዕድሜያቸውን በዚህ ሥራ ያሳለፉ ሰዎች የነደፉትን የሰፈር ጋራዥ ምን ሊጨምርበት ይችላል?» ብለው ይጠይቃሉ። ስለ ሞተሩ፣ ስለ ሻንሲውና ስለ ፍሬኑ ከሆነ ጥያቄው ትክክል ነው፤ እኔም አንድ ቃል አልጨምርም። መሐንዲሱ ግን እኔን አይቶኝ አያውቅም። ወንበሩን ሲቀርጽ በአእምሮው የያዘው አማካይ ቁመት፣ አማካይ ክብደትና አማካይ የክንድ ርዝመት ያለውን ሰው ነው፤ እንዲህ ያለው ሰው ደግሞ በሠንጠረዥ ላይ እንጂ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው የሐሙሲት መንገድ ላይ አይገኝም። ጫማ እንኳ ቁጥር ተለይቶለት ይመረታል፤ ሞተር ሳይክል ግን አብዛኛውን ጊዜ ባለ አንድ ቁጥር ሆኖ ነው የሚመጣው።

ደግሞስ ፋብሪካው ራሱ እንድንነካቸው አስቦ የተዋቸው ብሎኖች ምን ይሁኑ? የፍሬኑና የፍሪሲዮኑ መያዣ በብሎን ላልቶ ወደ ላይና ወደ ታች ይዞራል፤ መሪው በማሰሪያው ውስጥ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይጋደማል፤ የማርሽ መርገጫው ከፍና ዝቅ ይላል፤ የኋላው ሞላ ይጠብቃል፣ ይላላል። ሞተራቸውን ከገዙበት ቀን ጀምሮ ከእነዚህ አንዱንም ያልነኩ ነጂዎችን አውቃለሁ። ሞላውን ብቻ እንውሰድ። ነጂው ሲቀመጥበት ከጠቅላላ እንቅስቃሴው ሲሶውን ወይም ከዚያ ጥቂት ያነሰውን ያህል ቢሰምጥ መልካም ነው። ባለቤቴን ከኋላ አስቀምጬ ሁለት ሣጥን በጫንሁ ጊዜ ግን ያው ሞላ ከልክ በላይ ይወርዳል፤ የኋላው ሲወርድ የፊቱ መብራት ቀና ይልና ከፊት የሚመጣውን የአይሱዙ ሹፌር ዓይን ያጠፋል፤ መሪውም ቀሎ መወላወል ይጀምራል። መድኃኒቱ ሞላውን በቁልፍ ጥቂት ማጥበቅ ነው፤ ዋጋውም አምስት ደቂቃ ነው። ይህን «ፋብሪካ የጨረሰው» ብሎ የሚተወው ሰው ፋብሪካው የሰጠውን መመሪያ መጽሐፍ አልገለጠም ማለት ነው።

የጽሑፉ አቅራቢ ታሪክን ምስክር ስለ ጠሩ፣ እኔም በታሪክ ልመልስላቸው። ለእውነተኛ የረጅም መንገድ ሞተር ምሳሌ አድርገው ያቀረቡት የሆንዳውን ጎልድ ዊንግ ነው፤ «ሁሉ ነገር ከፋብሪካ ተሟልቶ የመጣ» ይሉታል። የዛሬው እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ገበያ ላይ የዋለው የመጀመሪያው ጎልድ ዊንግ፣ ጂኤል 1000 የሚባለው ግን፣ የነፋስ መከላከያም የዕቃ ሣጥንም አልነበረውም፤ ራቁቱን ነበር የመጣው። በዚያን ጊዜ አሜሪካዊው ክሬግ ቬተር «ዊንድጃመር» የሚባለውን መከላከያ ከ1971 ጀምሮ ለልዩ ልዩ ሞተሮች እየሠራ ይሸጥ ነበርና፣ የጎልድ ዊንግ ባለቤቶችም ከእርሱና ከመሰሎቹ እየገዙ በየቤታቸው ገጠሙ፤ ሣጥን አንጠለጠሉ፣ ወንበር አስቀየሩ። ሆንዳ መከላከያና ሣጥን አብሮት የተሠራውን «ኢንተርስቴት» የተባለ ሞዴል ያወጣው በ1980 ነው። ስለዚህ እርሳቸው ከመንካት ሊጠብቁት የሚሹት ያ የተሟላ ሞተር መልኩን ያገኘው ሰዎች ስለ ነካኩት ነው።

ሁለተኛው ነጥባቸው፣ «ሰውነት ይለምዳል» የሚለው፣ ከሁሉ ይበልጥ የሚያስቆጣኝ ነው። ሰውነት ይለምዳል፤ ነገር ግን የሚለምደው ምኑን ነው? ጣት መደንዘዝን ሲለምድ የፍሬኑን መያዣ ዘግይቶ ያገኘዋል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ይጓዛል፤ በደነዘዘ እጅ የባከነ ግማሽ ሰከንድ 11 ሜትር ነው። በፎገራ ሜዳ ላይ አህያ ከእነ ጭነቷ አስፋልቱን ስታቋርጥ ያየ ሰው 11 ሜትር ምን ማለት እንደ ሆነ ይገባዋል። ምቾትን ከድሎት ጋር አንድ አድርገው መመልከታቸው ስሕተት የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

ስለ ወንበር በዝርዝር ልናገር፤ እርሳቸው በአንድ ዐረፍተ ነገር ያለፉት ነገር ነውና። የምነዳው ዓመታት ያስቆጠረ ባለ 650 ሆንዳ ትራንዛልፕ ነው፤ የፋብሪካው ወንበር ከአንድ ሰዓት በላይ አያስቀምጠኝም ነበር። በመጀመሪያው ሙከራ የተሳሳትሁት እኔ ራሴ ነኝ። የዕለት ሥራው የባጃጅ ወንበር መስፋት የሆነውን ወጣት «ለስላሳ አድርግልኝ» ብዬ ግድ አልሁት፤ እርሱ እያመነታ የፍራሽ ስፖንጅ ጨመረልኝ። ግቢ ውስጥ ስቀመጥበት የእንግዳ ክፍል ሶፋ መሰለኝ። ወረታ ሳልደርስ ግን ስፖንጁ ተጨፍልቆ አልቆ፣ ከሥሩ ያለው ደረቅ ፕላስቲክ አጥንቴን እየነካው ነበር። ለስላሳ ስፖንጅ ክብደትን አይሸከምም፤ ይሸሻል እንጂ።

ሁለተኛውን ጊዜ ሥራውን ለባለሙያው ተውሁለት። ወጣቱ አንድ ካርቶን በውኃ አርሶ ደጃፉ ላይ ባለው የሲሚንቶ ደረጃ ላይ አነጠፈና፣ «ጋሼ፣ ይቀመጡበት፤ ሞተር ላይ እንደሚሆኑት ጥቂት ጎንበስ ይበሉ» አለኝ። ስነሣ ካርቶኑ ላይ ሁለት ጎድጓዳ ምልክቶች ቀርተዋል፤ እነዚህ ሰውነቴን የሚሸከሙት የመቀመጫ አጥንቶች አሻራ ናቸው። በመካከላቸው ያለውን በሜትር ለካው፤ 12 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ካርቶኑን በወንበሩ ላይ ሲያነጥፈው ነገሩ ቁልጭ ብሎ ታየ፤ ወንበሩ ወደ ነዳጅ ታንኩ እየጠበበና እያዘቀዘቀ ስለሚሄድ ሁልጊዜ ወደ ፊት እየተንሸራተትሁ ሁለቱ አጥንቶች ጠርዙ ላይ ነበር የሚያርፉት። የብረት መጋዝ ምላጭ በአንድ ጫፉ በጨርቅ ጠቅልሎ ያዘና ስፖንጁን እንደ ድፎ ዳቦ ቆረጠው፤ ማዘቅዘቂያውን አስተካከለ፤ ከሥር ጠንካራውን፣ ከላይ ደግሞ ሁለት ጣት የማይሞላ ለስለስ ያለውን አነባበረ፤ ስፌቱን ከአጥንቶቹ አርቆ ወደ ጎን አወጣው፤ የስፌት ቀዳዳ ውኃ ያስገባልና ከልባሱ ሥር ላስቲክ አነጠፈበት። ከዚያ ወዲህ ሳልወርድ አዲስ ዘመን እደርሳለሁ።

በላዩ ላይ የማነጥፈው አጎዛ ነው። የጽሑፉ አቅራቢ በአጎዛ ላይ መሳለቃቸውን አንብቤያለሁ፤ ይሁንና የበግ ጠጉር በሰውነትና በልባሱ መካከል አየር ስለሚያሳልፍ በቀትር የዓባይ በረሃን ሲወርዱ ላብ አያጠራቅምም። በክረምት ግን ውኃ ይዞ ስለሚቀር ይነሣል። አያቶቻችን በአጎዛ ላይ ሲቀመጡ የኖሩት ሌላ ምንጣፍ አጥተው ብቻ አይመስለኝም።

ስለ ነፋስም እዚሁ ልጨምር። ነፋስ ደረትን የሚገፋበት ኃይል ፍጥነት እጥፍ ሲሆን አራት እጥፍ ይሆናል፤ ስለዚህ በከተማ ውስጥ የማይሰማው መከላከያ በአውራ ጎዳና ላይ ክንድንና አንገትን ያሳርፋል። ከባሕር ዳር 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ተነሥቶ በማለዳ ወደ እንጅባራ የሚወጣ ሰው ከ2,500 ሜትር በላይ ላይ ያለው ብርድ በጓንቱ ውስጥ ሲገባ የእጅ ከለላን ጥቅም ያለ አስተማሪ ይረዳዋል። ነገር ግን ረጅም መከላከያ ሁሉ ጥሩ መከላከያ አይደለም፤ የላይኛው ጠርዝ ከዓይን ዝቅ ብሎ መንገዱ በእርሱ ላይ አልፎ መታየት አለበት፤ ያለዚያ በሌሊት ዝናብ ጠብታውንና የሚመጣውን መብራት እንጂ መንገዱን አያዩም። በአጠረና በተሳሳተ ማዕዘን በቆመ መከላከያ ደግሞ የተሰበረው ነፋስ በቀጥታ ሄልሜቱን ይደበድባል፤ ከዚህስ መከላከያ አልባው ይሻላል። እኔ ትክክለኛውን ከፍታ ያገኘሁት በካርቶንና በፕላስተር ሦስት ጊዜ እየሞከርሁ ነው። ጎረቤቶቼ ስቀውብኛል፤ ስቀው ይሂዱ።

አሁን ወደ ሦስተኛው ነጥብ፣ ወደ አደጋው እመጣለሁ። እርሳቸው «የተነካካ ሞተር አደጋ ያመጣል» ብለው በጅምላ ያልፋሉ፤ እኔ ግን የትኛው ንክኪ፣ በምን መንገድ የሚለውን እንዲናገሩ እፈልግ ነበር። እርሳቸው ስላልተናገሩት በራሴ ላይ የደረሰውን ላቅርብ። ጀርባዬን ቀና ለማድረግ ብዬ መሪውን 3 ሴንቲ ሜትር ከፍ የሚያደርግ የአሉሚኒየም መደገፊያ ቶርኖ ቤት አስቆረጥሁ። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ እንከን አልነበረውም። ከተማ ውስጥ አንድ አደባባይ ላይ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ ባዞርሁበት ቅጽበት ግን እጄ ሳይነካው ሞተሩ ነዳጅ አግኝቶ ጮኸ፤ ወደ አደባባዩ ጠርዝ ወሰደኝ፤ ፍሪሲዮኑን ጨብጬ ነው የዳንሁት። ምክንያቱ ተራ ነው፤ መሪው ሲነሣ የነዳጅ መስጫው ሽቦ አጠረ፤ መሪው ሲዞር ደግሞ የተወጠረው ሽቦ ራሱን ሳበ። መደገፊያውን ወደ 2 ሴንቲ ሜትር አስቀነስሁት፤ ሽቦውንም በሌላ በኩል አዞርሁት። ከዚያ ወዲህ መሪ ላይ አንዳች ነገር በተነካ ቁጥር ሞተሩን አስነሥቼ፣ በማቆሚያው ላይ እንዳለ፣ መሪውን ከጠርዝ እስከ ጠርዝ አዞራለሁ፤ የሞተሩ ድምፅ በጥቂቱም ቢሆን ከተለወጠ ከግቢ አልወጣም። የፊት ፍሬኑን ቱቦም የፊት ጎማው ከመሬት ተነሥቶ በተንጠለጠለበት ሁኔታ አያለሁ፤ በጣም የሚወጠረው ያን ጊዜ ነውና።

ስለ መብራትም ከእርሳቸው ጋር ነኝ ማለት ይቻላል። እያንዳንዱ 55 ዋት የሆነ ሁለት ፓውዛ በ12 ቮልት 9 አምፔር ያህል ይስባል፤ ይህን ከፊት መብራቱ ሽቦ ላይ ላጥ አድርጎ በፕላስተር የሚቀጥል ሰው ሽቦ ማቃጠሉ አይቀርም። በሪሌ (በትንሽ ኃይል ታዝዞ ትልቁን በሚያገናኝ ማብሪያ) እና በፊውዝ በቀጥታ ከባትሪ የተሳበ፣ እያንዳንዱ 20 ዋት ያህል የሆነ ጥንድ ኤልኢዲ ግን ሌላ ነገር ነው። ማርሚታ አስወልቆ የሚያስጮኸውን በሚመለከት ምንም የምከራከርበት የለኝም፤ እንዲህ ያለው ጩኸት ለመንደሩም ለነጂው ጆሮም ጉዳት ነው፤ ረጅም መንገድ ላይም ድካምን ይጨምራል። ሣጥንን በሚመለከት ግን «ሣጥን ሞተርን ይጥላል» ማለታቸው ግማሽ እውነት ነው። የሚጥለው ከባዱን ዕቃ ከኋላ ጎማው ወደ ኋላ አርቆ ከፍ አድርጎ መጫን ነው፤ ያው ክብደት ዝቅ ብሎ፣ ወደ ነጂው ቀርቦ፣ ግራና ቀኙ ተመጣጥኖ ሲጫን ሞተሩ አይታወክም። እኔ ላሜራ ሣጥኖቼን ያሠራሁት ባትላሜራ ቤት ነው፤ የሰጠኋቸው አንድ ትእዛዝ ስፋታቸው ከመሪው እንዳያልፍ ነበር፤ መሪዬ ባለፈበት ቀዳዳ ሣጥኔም እንዲያልፍ። በቅዳሜ ገበያ በጋሪና በባጃጅ መካከል ያለፈ ሰው ለምን እንደ ሆነ ያውቃል።

ያልነካሁትንም ልናገር። ጎማዎቼ ካላማዳሪ ያላቸው ባለ ሽቦ ጎማዎች ናቸው፤ ዘመናዊውን ካላማዳሪ አልባ ዓይነት ግጠም ያሉኝ ብዙዎች ናቸው። ዳንግላም ሆነ ወረታ ያለ ጎሚስታ ካላማዳሪ መለጠፍ ዓይኑን ጨፍኖ ይችላል፤ የእኔም ምርጫ በዚያው ጸና።

አራተኛው ነጥባቸው ማሳመርን ይመለከታል። «በሞተር ላይ ማጌጥ ከውጭ ፊልም የተቀዳ ታይታ ነው፤ የእኛ ባህል አያውቀውም» ይላሉ። እርሳቸው በየትኛው መንገድ ወደ ባሕር ዳር እንደሚመጡ አላውቅም፤ ከአዲስ አበባ በጎጃም በኩል የሚመጡ ከሆነ ግን በእንጅባራ ያልፋሉ። ጥር 23 ቀን ቢያልፉ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበርን በዓል ያገኛሉ፤ ማኅበሩ ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው። ቆም ብለው ፈረሶቹን ይመልከቱ፤ ግላሱን፣ በግንባሩና በአንገቱ ላይ የተንዠረገገውን ጌጥ፣ ቀዩንና ቢጫውን ክር። ሁለት ፈረስ አንድ ዓይነት ለብሶ አያገኙም። ቀረብ ብለው ደግሞ እርካቡን ይዩት፤ ለየጋላቢው ቅልጥም ልክ ታስሯል። ኮርቻውም በፈረሱ ጀርባ ልክ ካልሆነ ገጣባ እንደሚያወጣ ባለቤቱ ያውቃል፤ በዚያ ሜዳ ላይ ያማረ ፈረስ ማለት ኮርቻው የተስማማውም ጭምር ነው። ጌጡንና ምቾቱን የሚለይ ጋላቢ እዚያ አላየሁም፤ እኛ ሞተር ነጂዎች ለምን እንድንለይ እንደ ተፈለገ ግልጽ አልሆነልኝም።

በእርግጥ ልክ የሌለው አለ። ታንኩ ላይ የነብር ቆዳ የመሰለ ፕላስቲክ ለጥፎ፣ መሪው ላይ አሥራ ሁለት ዓይነት ጭራ አንጠልጥሎ፣ ስፖኪዮውን «መልኩን ያበላሻል» ብሎ የነቀለ ሰው አይቻለሁ፤ ኋላውን ሳያይ ስለሚያምረው መልክ ምንም አልልም። የሞተርን ቀለም ጨርሶ መለወጥም የራሱ ጣጣ አለው፤ ቀለሙ በሊብሬ ላይ የሰፈረ ስለሆነ ሳያሳውቁ ቀይሮ መሄድ በመንገድ ላይ ማብራሪያ ያስጠይቃል። በእኔ ሞተር ላይ ያለው ጌጥ አንድ ነው፤ እርሱም የባለቤቴ ሐሳብ ነው። ከበዓል ቀሚሷ ጥለት ንድፉን በወረቀት ገልብጣ፣ እኔ ደግሞ ነጭና ቀይ አንጸባራቂ ቴፕ በምላጭ እየቆረጥሁ በሁለቱ ሣጥኖች ጠርዝ ላይ ለጠፍሁት። ሁለት እሑድ ፈጀብን፤ የግራው ሣጥን ማዕዘን ላይ አንዱ መስቀለኛ ጠመም ብሏል። ማታ አዲሱን የዓባይ ድልድይ ስሻገር ከኋላዬ የሚመጣ መኪና መብራቱ ሲያርፍበት ጥለቱ ቦግ ይላል፤ ሹፌሮች ርቀታቸውን ሲጠብቁልኝ በስፖኪዮ አያለሁ። ይህ ታይታ ከሆነ፣ አዎ፣ መታየት እፈልጋለሁ፤ በሌሊት መንገድ ላይ ካለመታየት የከፋ ነገር አላውቅምና።

ስለ ወጪው አምስተኛው ነጥብ ብዙ አያስፈልገውም። ከላይ ከዘረዘርኋቸው ግማሹ፣ ማለትም የሞላው፣ የመያዣዎቹ፣ የመሪው ማዕዘንና የማርሽ መርገጫው ማስተካከያ፣ ከአንድ ቁልፍና ከአንድ ካቻቢቴ በቀር ምንም አያስወጣም፤ መጀመር ያለበትም ከዚያ ነው። የቀረውን በሚመለከት «ሲሸጥ አይመለስም» ማለታቸው ልክ ነው፤ ለአዲስ ጫማ ያወጣሁትም ገንዘብ ጫማውን ስሸጠው አይመለስም። ገዢው የፋብሪካውን መልክ ከፈለገ ደግሞ አስቤበታለሁ፤ ወጣቱ ሰፊ የቆረጠው በጥራጊ የተገዛ የሌላ ትራንዛልፕ ወንበር ነው፤ ዋናው ወንበር፣ የመሪው ማሰሪያና አጭሩ መከላከያ ከእነ ብሎንና ዳዷቸው በካርቶን ሆነው አልጋዬ ሥር አሉ፤ መልሶ ለመግጠም ከአንድ ከሰዓት በኋላ አይበልጥም።

የጽሑፉ አቅራቢ ወደ ባሕር ዳር ብቅ ካሉ ያንን ካርቶን አወጣላቸዋለሁ። በፋብሪካው ወንበር ሐሙሲት ደርሰን እንመለስና ቡና ጠጥተን፣ ወንበሩን እርሳቸው ራሳቸው በሁለት ብሎን ፈትተው በእኔው ቀይረው፣ ያንኑ መንገድ ደግመው ይንዱ። አጎዛውን ካልወደዱት አነሣላቸዋለሁ።